የካርቦን ናኖ ቧንቧ፤ አንድ ነገር በሁለት ጠባይ



በየጽሕፈት ጠረጴዛችን ላይ ከማይታጣው እርሳስ ውስጥ ጥቁር ሆኖ የሚጽፈው ግራፋይት የሚባለው የካርቦን ዓይነት ነው። ግራፋይት እንደ መጽሐፍ ገጽ የተነባበሩ እጅግ ስስ ቅጠሎች አሉት፤ በእያንዳንዱም ቅጠል አቶሞቹ እንደ ማር እንጀራ በስድስት ማዕዘን ተያይዘዋል። እንዲህ ያለው ቅጠል ተጠቅልሎ ቧንቧ የሆነ እንደ ሆነ የካርቦን ናኖ ቧንቧ ይባላል። ውፍረቱ ብዙ ጊዜ የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ያህል ነው።

ራዱሽኬቪችና ሉክያኖቪች የተባሉ የሶቪየት ኅብረት ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1952 ዓ.ም. የካርቦን ቧንቧ ፎቶግራፍ አሳትመው ነበር። ነገር ግን እንደ መዝገብ ቤት ፋይል ሁሉ የሳይንስ ጽሑፍም ፈላጊ እስኪያገኝ ሳይገለጥ የሚቀመጥበት ጊዜ አለ። የዓለምን ዓይን የሳበው ጃፓናዊው ሱሚዮ ኢጂማ በ1991 ያወጣው ጽሑፍ ነው።

አሁን አንድ የተሰመረ ወረቀት ወስዳችሁ ጠቅልሉ። ቀጥ አድርጋችሁ ብትጠቀልሉት መስመሮቹ ቀለበት ይሆናሉ፤ አዘንብላችሁ ብትጠቀልሉት ግን እንደ ሐረግ ተጠምዝዘው ይወጣሉ። ወረቀቱ ያው ወረቀት ነው። በካርቦኑ ቧንቧ ግን የአጠቃለሉ ልዩነት ትልቅ ነገር ያስከትላል፤ ይኸውም አንዱ እንደ ብረት ኤሌክትሪክን በቀላሉ ሲያስተላልፍ፥ ሌላው እንደ ሲሊኮን ከፊል አስተላላፊ ይሆናል። የተለወጠ አቶም፥ የተጨመረም ባዕድ ነገር የለም።

ምክንያቱ ምንድን ነው ቢባል፥ ኤሌክትሮን የሞገድ ጠባይ ስላለው ነው። ሞገዱ ቧንቧውን ዞሮ ከተነሣበት ሲመለስ ከራሱ ጋር መግጠም አለበት፤ የማይገጥም ሞገድ ሊኖር አይችልም። በአንዳንዱ አጠቃለል፥ ኤሌክትሪክን ያለ ችግር የሚያሳልፈው ሞገድ ከሚገጥሙት መካከል ይገኛል፤ በሌላው ይጐድላል። ስለዚህ ነጠላ ግድግዳ ካላቸው ቧንቧዎች ከሦስት አንዱ ያህል እንደ ብረት ሲሆን የቀሩት ከፊል አስተላላፊ ናቸው። ይህ በ1992 በሒሳብ ተተነበየ፤ በ1998ም በመሣሪያ ታይቶ ተረጋገጠ።

ከፊል አስተላላፊው ለትራንዚስተር፥ ማለት ኤሌክትሪክን እንደ በር ለሚከፍተውና ለሚዘጋው መሣሪያ ተስማሚ ነው። በኔዘርላንድ የደልፍት ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በ1998 ከአንድ ቧንቧ ትራንዚስተር ሠሩ። በ2013 በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ 178 ትራንዚስተሮች ያሉት ኮምፒዩተር ተሠራ።

ታዲያ ሲሊኮንን ስለ ምን አልተካም? ቧንቧዎቹ በጋለ ምድጃ ሲሠሩ ሁለቱ ዓይነት ተደባልቀው ይወጣሉና ነው። እንደ ብረት የሆነው በትራንዚስተሩ ውስጥ ከገባ በሩ አይዘጋም። እንክርዳድን ከስንዴ የሚለቅም ሰው ቢያንስ በዓይኑ ያየዋል፤ ይህ ግን የሚታይም የሚጨበጥም አይደለም። በ2019 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ከ14,000 በላይ ትራንዚስተሮች ያሉትን የኮምፒዩተር አንጐል የሠሩት ሊቃውንት፥ ጥራቱ 99.99 ከመቶ በሆነ ቧንቧ ተጠቅመው፥ የቀረው ርኵሰት ሥራውን እንዳያበላሽ የትራንዚስተሮቹን አገጣጠም መርጠው አዘጋጁ። ለእኛ ከሁሉ የሚደነቀው ይህ ብልሃት ነው።

መለየት በማያስፈልግበት ሥራ ግን ቧንቧው ገበያ ከገባ ቈይቷል። በሊቲየም ባትሪ ውስጥ ጥቂቱ ከሌላው ዱቄት ጋር ተደባልቆ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበትን መረብ ይዘረጋል፤ እዚያ የትኛው ቧንቧ በየትኛው መንገድ እንደ ተጠቀለለ የሚጠይቅ የለም።