ቀልቡ የማይሰበሰበው ጎልማሳ፦ በጋይንት፣ በሲማዳና በእስቴ ኤዲኤችዲ እንዴት ይለያል? እንዴትስ ይታከማል?

ጨውና ሳሙና ሊገዛ ወደ አርብ ገበያ የወጣው ሰው አመሻሹ ላይ ገመድና ማጭድ ይዞ ይመለሳል። ጨውም የለ፣ ሳሙናም የለ። ጎረቤት የጠራውን ወንፈል ረስቶታል፤ የእድር መዋጮው ቀን ካለፈ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው፤ የጎተራው ምርጊት ተጀምሮ ግማሽ ላይ ቆሟል። ሚስቱ ተናግራ ተናግራ ደክሟታል። ሰውየው ግን ሰነፍ አይደለም። አውድማ ላይ ከሁሉ ቀድሞ ይገኛል፤ በሬ ገደል ገባ ከተባለም መጀመሪያ የሚሮጠው እሱ ነው።

እንዲህ ያለ ሰው በደቡብ ጎንደር በላይና በታች ጋይንትም፣ በሲማዳም፣ በእስቴም አይጠፋም። አገሬው ቅብዝብዝ፣ ችኩል፣ ዝንጉ፣ ቀልበ ቢስ ይለዋል። እንዲህ ከሚባሉት መካከል የተወሰኑት ሕክምና ኤዲኤችዲ፣ ማለትም የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር፣ የሚለው ያለባቸው ናቸው። ሁሉም አይደሉም። ማን ነው ያለበት፣ ማንስ ነው የሌለበት የሚለው ነው ዋናው ጥያቄ።

ኤዲኤችዲ በሦስት ነገሮች ይገለጣል፦ ትኩረትን መምራት አለመቻል፣ መቅበጥበጥ እና ሳያስቡ መናገር ወይም ማድረግ። «ትኩረት ማነስ» የሚለው ስም ግን ብዙ ሰው ያሳስታል። ችግሩ ያለበት ሰው የተበላሸ ራዲዮ ሲፈታታ ምሳውን ረስቶ ሊውል ይችላል። ትኩረት አለው፤ ልጓሙ ግን እጁ ላይ አይደለም። የሚስበው ነገር ይወስደዋል፤ የማይስበው፣ ግን መሠራት ያለበት ነገር፣ ተራራ ይሆንበታል። በዘር የመተላለፍ ድርሻው ከፍተኛ ነው፤ መንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከ70 በመቶ በላይ ያደርሱታል። ስለዚህ አንድ ልጅ ሲመረመር አባት ወይም እናት «ይሄማ የእኔው ታሪክ ነው» ማለታቸው የተለመደ ነው።

እንግሊዛዊው የሕፃናት ሐኪም ጆርጅ ስቲል በ1902 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ እንዲህ ያሉ ልጆችን በተከታታይ ንግግሮቹ ገልጾ ነበር። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን ሐኪሞች ጭምር ችግሩ ከልጅነት ጋር አብሮ የሚያልፍ ይመስላቸው ነበር። መቅበጥበጡ በእርግጥ ይቀንሳል፤ ሜዳ ለሜዳ ይሮጥ የነበረው ልጅ ሲያድግ እግሩን ብቻ የሚያወዛውዝ ጎልማሳ ይሆናል። መርሳቱ፣ ማዘግየቱና ጀምሮ መተዉ ግን በብዙዎቹ ላይ ይቆያል። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ ዓለም አቀፍ ትንተና ከልጅነት የጀመረ ኤዲኤችዲ ያለባቸውን አዋቂዎች ከ100 ሰው 2 ወይም 3 አድርጎ ገምቷል።

ምርመራውስ? የደም ናሙና የለውም፤ የራስ ቅል ፎቶም አያሳየውም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ 18 ምልክቶችን ይዘረዝራል፤ 9ኙ የትኩረት፣ 9ኙ የመቅበጥበጥና የችኩልነት ናቸው። ዕድሜው 17 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ከአንዱ ወገን ቢያንስ 5 ሊኖሩት ይገባል። ይህ ብቻ ግን አይበቃም። ምልክቶቹ ከ12 ዓመት በፊት የታዩ፣ ቤትም ሥራም ላይ የሚገለጡ፣ ኑሮን የሚያውኩና በሌላ ሕመም የማይብራሩ መሆን አለባቸው።

«ከ12 ዓመት በፊት» የሚለው ሐረግ ብዙ አገር ላይ ሐኪሙን ያስቸግራል። የ35 ዓመቱ ታካሚ ልጅነቱን በደንብ አያስታውስም፤ ወላጆቹ ሩቅ ናቸው። በጋይንትና በሲማዳ ገጠር ግን ምስክሩ ጎረቤት አለ። እናቱ ከታች ካለው ቤት ትኖራለች። አብሮት ከብት የጠበቀው ታላቅ ወንድሙ ዛሬም አብሮት ያርሳል። ትምህርት ቤት ያልገባ ሰው እንኳ የእረኝነት ታሪክ አለው፦ ከብቱ ስንቴ ቡቃያ ውስጥ ገባበት? ሲልኩት መንገድ ላይ ይቀር ነበር ወይ? ከዛፍ ስንቴ ወደቀ? የእድሜ እኩዮቹም እንደዚያ ነበሩ ወይስ እሱ ብቻ? ትምህርት ቤት ለገባው ደግሞ የሦስተኛና የአራተኛ ክፍል ሪፖርት ካርዱ አለ። አንድ የሥነ አእምሮ ነርስ ከእናት ጋር የሚያደርገው የግማሽ ሰዓት ጨዋታ ከየትኛውም መሣሪያ በላይ ይነግረዋል።

አካባቢው ሌላም መስታወት አለው። ጋይንት ውስጥ ያለችው ቤተ ልሔም የድጓ፣ ዙር አባ ደግሞ የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ ናቸው። ከሩቅ አገር ተማሪ የሚመጣባቸው እነዚህ ጉባኤ ቤቶች ለዓመታት መቀመጥን፣ መደጋገምን፣ በቃል መያዝን ይጠይቃሉ። «ቀለም አልይዝ አለው» የሚባለው ተማሪ እዚያ ቶሎ ይለያል። መምህራኑ ቅዱስ ያሬድ ትምህርት ከብዶት እንደነበረና ከዛፍ እየወደቀ ደጋግሞ ሲወጣ ካየው ትል ጽናትን እንደተማረ እየነገሩ ያጽናኑታል። ምክሩ መልካም ነው። ኤዲኤችዲ ያለበት ተማሪ ግን ብዙ ጊዜ ሙከራ አይጎድለውም፤ ከማንም በላይ ሞክሮ፣ ከማንም በላይ ተወቅሶ ነው የሚወጣው። በዚህ ጊዜ አብሾ ጠጥቶ ቀለም ለመያዝ የሚሞክር አለ። አብሾ የኤዲኤችዲ መድኃኒት አይደለም። መጠኑ ያልተለካ ዕፅ መጠጣት አእምሮን ሊያውክ፣ ልብንም ሊጎዳ ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች ያዘጋጀው የ18 ጥያቄ መጠይቅ አለ፤ 6ቱ ጥያቄዎች ለቅድመ ልየታ ያገለግላሉ። መጠይቁ ስለ ቀጠሮ መርሳት፣ ሥራን ስለ መጨረስ፣ ብዙ ስለ መቀመጥ ይጠይቃል። እስቴ ውስጥ ለሚኖር ገበሬ እንዳለ ሲነበብለት ግን ላይገባው ይችላል። ስለ ወንፈል፣ ስለ እድር፣ ስለ ማዳበሪያ ዕዳ፣ ዘር ሳይገዛ ስላለፈው ሰኔ ሲጠየቅ ግን ወሬው ይመጣል። ሴቶች ላይ ደግሞ ይበልጥ ይደበቃል። ችግሩ ያለባት ሴት በልጅነቷ ዝም ብላ በሐሳብ የምትሄድ ስለነበረች ማንንም አላወከችም። ዛሬ እንጀራው ምጣድ ላይ ያርርባታል፣ ቡናው ይገነፍልባታል፣ ወጡ ጨው ይጎድለዋል፤ «ባለሙያ አይደለችም» ትባላለች። ሌሊት ሁሉ ስለ ነገ እያሰበች ስለምትጨነቅ ጤና ጣቢያ ብትሄድ እንኳ የሚታየው ጭንቀቷ ብቻ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ሥራ መለየት ነው፤ በዚህ አካባቢም ከሁሉ የሚከብደው እሱ ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት የላይ ጋይንቷን ነፋስ መውጫንና የጉና ተራራን አካባቢ ደርሶ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ የአማራ ክልል በሌላ ግጭት ውስጥ ነው። እንቅልፍ ያጣ፣ በድምፅ የሚደነግጥ፣ የያዘውን የሚረሳ ሰው በዝቷል። ይህ ሰው ትኩረቱን ያጣው በተወለደበት ሁኔታ ሳይሆን በደረሰበት ነገር ነው፤ የሚያስፈልገውም የዚያ ሕክምና ነው። ሁለቱን የሚለየው ጥያቄ አጭር ነው፦ መቼ ጀመረ? የመከራ ጠባሳ ቀን አለው፤ ኤዲኤችዲ ግን ሰውየው ራሱን ካወቀበት ጊዜ ጀምሮ አብሮት ኖሯል። አንዳንዱ ሰው ላይ ሁለቱም አሉ፤ ያኔ ሁለቱም ይታከማሉ።

ሌሎችም መምሰያዎች አሉ። ድብርት ሐሳብን ያፈዝዛል። አረቄና ጫት ትኩረትን ያናጋሉ። ከመጠን በላይ የሚሠራ እንቅርት ሰውን ያቅበዘብዛል፣ ልቡን ያስመታዋል፣ ያከሳዋል። ሳይጥል ለሰኮንዶች ብቻ የሚያፈዝ የሚጥል በሽታ ዓይነትም አለ። የደም ማነስም እንዲሁ። ስለዚህ ጥሩ ምርመራ አንገት ይዳስሳል፣ የደም ግፊት ይለካል፣ ስለ እንቅልፍና ስለ መጠጥ ይጠይቃል።

ወዴት ይኬዳል? በኢትዮጵያ ለረጅም ዘመን የአእምሮ ሕክምና ማለት አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል ማለት ነበር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ሐኪሞችን አገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው፤ የመጀመሪያው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂም በ2012 እ.ኤ.አ. ወጣ። አገልግሎቱን ወደ ጤና ጣቢያና ወደ መጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል የማውረድ ሥራ እየተሠራ ነው። ከሲማዳዋ ወገዳም ሆነ ከእስቴዋ መካነ ኢየሱስ የሚነሣ ሰው መጀመሪያ በቅርቡ ያለውን ሆስፒታል፣ ከዚያ በሪፈር ደብረ ታቦርን፣ ካስፈለገም የባሕር ዳርንና የጎንደርን ትልልቅ ሆስፒታሎች ሊያገኝ ይችላል። መንገዱ ሲዘጋ ደግሞ የቅርቡ ባለሙያ እስከ መንገዱ መከፈት ሊረዳው የሚችለው ነገር አለ፤ ወረድ ብሎ እንደሚታየው የሕክምናው ግማሽ ክኒን አይደለም።

መድኃኒቱን በተመለከተ ማስረጃው ጠንካራ ነው። አሜሪካዊው ቻርልስ ብራድሊ በ1937 እ.ኤ.አ. አነቃቂ መድኃኒት የቅብዝብዝ ልጆችን ጠባይ እንደሚያረጋጋ ጻፈ። ሜቲልፌኒዴት የተባለው ሌላ አነቃቂ መድኃኒት በ1944 እ.ኤ.አ. ተሠራ። እነዚህ መድኃኒቶች አንጎል ውስጥ ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን የተባሉትን ንጥረ ነገሮች በማብዛት ልጓሙን ወደ ባለቤቱ እጅ ይመልሳሉ። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ሰፊ ንጽጽር ለአዋቂዎች በአጭር ጊዜ የተሻለ ውጤት ያሳዩት አምፌታሚኖች መሆናቸውን አሳይቷል። ጂምናስቲከኛዋ ሲሞን ባይልስ በ2016 እ.ኤ.አ. የሕክምና መረጃዋ በሰርጎ ገቦች ሲወጣ ከልጅነቷ ጀምሮ ኤዲኤችዲ እንዳለባትና ለዚህ መድኃኒት እንደምትወስድ በግልጽ ተናገረች፤ የሚያሳፍር ነገር እንደሌለበትም ጨምራ።

ለጋይንት ሰው ችግሩ ማግኘቱ ላይ ነው። ሜቲልፌኒዴት በ1971 እ.ኤ.አ. በወጣው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ጥብቅ ቁጥጥር ይደረግበታል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 እና በ2021 እ.ኤ.አ. በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር እንዲገባ የቀረበለትን ጥያቄ አልተቀበለም። በዚህ ምክንያት ሐኪሙ አነቃቂ ያልሆነውን አቶሞክሴቲንን ወይም ማስረጃቸው ያነሰ ሌሎች መድኃኒቶችን፣ ለምሳሌ ከቀደምት የድብርት መድኃኒቶች አንዳንዶቹን፣ ሊመርጥ ይችላል። ምርጫው የሐኪሙ ነው። ከሰው እጅ የተገዛ ክኒን ግን የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ያለበትን ሰው ለአደጋ ይዳርጋል፤ ከዚህ ቀደም ከእውነታ የመውጣት ሕመም የነበረበትንም እንደገና ሊቀሰቅስበት ይችላል።

ጫትስ? ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን አሠራሩ ከአምፌታሚን ጋር ይመሳሰላል። «ስቅም ነው ሥራ የሚያዝልኝ» የሚል ጎልማሳ የሚናገረው እውነቱን ሊሆን ይችላል። መጠኑ ግን አይታወቅም፣ እንቅልፍ ይነሣል፣ ነገ የባሰ ትኩረት ያሳጣል፤ ከታዘዘ አነቃቂ ጋር ሲደራረብ ደግሞ ልብን ያስጨንቃል። ለሐኪሙ መነገር ያለበት ስለዚህ ነው።

ያለ ክኒን የሚሠራው ሥራ ብዙ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት መድኃኒት እየወሰዱ ምልክቱ ያልለቀቃቸውን 86 አዋቂዎች ወስዶ ግማሾቹን ኑሮን የማደራጀት የንግግር ሕክምና፣ ግማሾቹን የመዝናናት ልምምድ ሰጣቸው። የመጀመሪያዎቹ ይበልጥ ተሻሻሉ። የተማሩት ነገር ረቂቅ አይደለም፦ ሁሉን ነገር አንድ ቦታ መጻፍ፣ ትልቁን ሥራ ቆርሶ መያዝ፣ የሚያዘናጋውን ማራቅ።

ይህ በእስቴ ኑሮ ውስጥ ቦታ አለው። ገበሬው ወሩን የሚቆጥረው በበዓል ነው፤ እንግዲያው የእድሩ ብር በ12 በሚካኤል፣ የማዳበሪያው ዕዳ በ21 በማርያም ይታሰር። መጻፍ ለማይችል ሰው ልጁ ስልኩ ላይ ደወል ትሙላለት። የሚሸጠውና የሚገዛው ነገር ከቤት ሳይወጣ ጮክ ተብሎ ይደገም። ማጭዱ፣ ቁልፉ፣ መታወቂያው ሁልጊዜ በር ላይ ካለችው አንዲት ካስማ ይንጠልጠሉ። ምርጊቱ ደግሞ ብቻውን ሳይሆን ከሰው ጋር ይሠራ፤ ኤዲኤችዲ ያለበት ሰው አጠገቡ ሌላ ሰው ሲሠራ ሥራው ይያዝለታል፤ ወንፈልም ይህንኑ ያደርጋል።

ቤተሰብም ድርሻ አለው። ለሃያ ዓመት «ሰነፍ» የተባለ ሰው ስድቡን አምኖ ይኖራል፤ ሐፍረቱ ከዝንጋታው በላይ ይጎዳዋል። ጸበል የሚሄድ ይሂድ፣ መድኃኒቱን ግን ሳያቋርጥ። በጾም ወራት ክኒኑ በስንት ሰዓት እንደሚወሰድ አስቀድሞ ሐኪሙንም የንስሐ አባትንም መጠየቅ ይቻላል።

ወደ ሆስፒታል ሲኬድ መያዝ ያለበት ብዙ አይደለም። እናት ወይም ታላቅ ወንድም፤ ካርድ ካለ ካርዱ፤ ከልጅነት ሦስት ታሪክ፣ ከዘንድሮ ሁለት፤ የሚወሰድ መድኃኒት ወይም የሚጠጣ ሥራ ሥር ካለ ስሙ። የተመላሽ ቀጠሮው ደግሞ ከገበያ ቀን ጋር ቢገጥም ይሻላል፤ ያም ቀን ለሰውየው ብቻ ሳይሆን አብራው ለመጣችው ሚስቱም ይነገራት። ጨዉን የረሳ ሰው ቀጠሮውንም ሊረሳ ይችላልና።