የኔብራስካ የትራክተር ፈተና

የኔብራስካ የትራክተር ፈተና በአሜሪካ ኔብራስካ ክፍላገር፣ በሊንከን ከተማ በሚገኘው የኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ የሚካሄድ የእርሻ ትራክተሮች ፍተሻ ነው። የትራክተርን ጉልበት፣ የመጎተት አቅምና የነዳጅ ፍጆታ ይለካል። የተመሠረተው በ1919 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ሲሆን፣ ለትራክተር ምርምር መነሻ ከሆኑት ሥራዎች አንዱ ነው።

ከዚያ በፊት በካናዳ ዊኒፔግ ከተማ ከ1908 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት የትራክተር ውድድር ይደረግ ነበር። ውድድሩ ግን አሸናፊውን ለመለየት እንጂ ገበያ ላይ ያለውን ሁሉ ለመመርመር አልነበረም። በዚያን ጊዜ ብዙ ትናንሽ ኩባንያዎች ትራክተር ይሸጡ ነበር፤ አንዳንዶቹ በማስታወቂያ የሚናገሩት ጉልበት በእርሻው ላይ አይገኝም።

የሕጉ ዋና አነሳሽ ዊልሞት ክሮዚየር የተባለ የፖልክ አውራጃ ገበሬና የሕዝብ እንደራሴ ነበር። መጀመሪያ የገዛው ትራክተር «ፎርድ» የሚል ስም ነበረው፤ ሠሪው ግን ከሄንሪ ፎርድ ጋር ዝምድና የሌለው የሚኒያፖሊስ ኩባንያ ነበር። ትራክተሩም ሥራ ላይ አልጸናም። ሁለተኛውም ከዚያ ብዙ አልተሻለም። በሦስተኛው፣ በሩምሊ፣ ረካ። ገበሬ ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ ብቻ እውነቱን የሚያውቅ ከሆነ ኪሳራው የእርሱ ብቻ ነው። ክሮዚየር ከሴናተር ቻርልስ ዋርነር ጋር ያቀረበው ሕግ ይህን ቅደም ተከተል ገለበጠው፦ ማንኛውም አዲስ የትራክተር ዓይነት በክፍላገሩ ከመሸጡ በፊት በዩኒቨርሲቲው መሐንዲሶች ይፈተን፣ ውጤቱም ኩባንያው ከተናገረው ጋር ይነጻጸር ነበር። ሻጩ መለዋወጫ በቅርብ እንዲያዘጋጅም ሕጉ ያስገድድ ነበር። ለገበሬው ይህ አንቀጽ ከፈረስ ጉልበቱ ያላነሰ ዋጋ ነበረው፤ በአጨዳ ወቅት የቆመ ትራክተር ምንም ያህል ብርቱ ቢሆን አይጠቅምምና።

በ1919 መጨረሻ የተጀመረው ሙከራ በበረዶ ምክንያት ተቋረጠ። የመጀመሪያው ሙሉ ፈተና በ1920 እ.ኤ.አ. መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ዋተርሉ ቦይ ሞዴል ኤን በተባለ፣ በነጭ ጋዝ በሚሠራ ትራክተር ላይ ተደረገ። ይህ ትራክተር «12-25» ተብሎ ይሸጥ ነበር፤ ትርጉሙ በመጎተቻው 12፣ በቺንጋ 25 የፈረስ ጉልበት ማለት ነው። በቺንጋ የሚለካው እንደ መውቂያ ያሉ ቆመው የሚሠሩ ማሽኖችን ለማንቀሳቀስ ስለሚያገለግል ነው። ሁለቱ ቁጥሮች የሚራራቁትም ኃይሉ በማርሽና በመንኮራኩር በኩል መሬት እስኪደርስ ድረስ ብዙው ስለሚባክን ነው።

የመጎተት ጉልበት ለመለካት ትራክተሩ ጭነቱ የሚስተካከል ተሽከርካሪ ይጎትታል። የመጎተቻው ኃይል በፍጥነቱ ሲባዛ ጉልበቱ ይገኛል። ለምሳሌ 10 ኪሎኒውተን የሚጎትትና በሰከንድ 1.5 ሜትር የሚሄድ ትራክተር 15 ኪሎዋት፣ ማለትም 20 የፈረስ ጉልበት ያህል ይሰጣል። የመንኮራኩር መንሸራተትም አብሮ ይመዘገባል።

በ1934 እ.ኤ.አ. አሊስ-ቻልመርስ ደብሊው ሲ በአየር በሚሞላ ጎማ ተፈተነ፤ ከዚያ በፊት የተለመደው ጥርስ ያለው የብረት መንኮራኩር ነበር። የመፈተኛው መንገድ እስከ 1956 እ.ኤ.አ. የአፈር ነበር። አፈር ዝናብ ሲያገኘው ስለሚለዋወጥ የአንዱን ቀን ውጤት ከሌላው ጋር ማነጻጸር ያስቸግራል፤ ስለዚህ በኮንክሪት ተተካ። ይህ ለንጽጽር መልካም ነው፤ ሆኖም በታረሰ ማሳ ላይ የሚገኘው የመጎተት ጉልበት በኮንክሪት ላይ ከተለካው ያንሳል። የአፈርና የጎማ ግንኙነት በኦበርን፣ አላባማ በተሠሩ የአፈር ገንዳዎች ከ1930ዎቹ ጀምሮ ለብቻው ተጠንቷል።

በሌላ በኩል ምርምሩ ወደ ነጂው ደኅንነት ዞረ። ስዊድን ትራክተር ሲገለበጥ ነጂውን የሚከላከል ጠንካራ ክፈፍ በአዳዲስ ትራክተሮች ላይ በ1959 እ.ኤ.አ. ግዴታ አደረገች፤ በመገልበጥ የሚሞቱ ሰዎች ቁጥርም በጣም ቀነሰ። ኔብራስካ ከ1970 ጀምሮ በነጂው ጆሮ አጠገብ ያለውን ድምፅ መለካት ጀመረ። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት የትራክተር መፈተኛ ደንቦች ከወጡ በኋላ፣ በ1986 የተሻሻለው ሕግ በእነዚህ ደንቦች መሠረት በሌላ አገር የተደረገ ፈተና እንዲታወቅ ፈቀደ። ስለዚህ አንድ ዓይነት ትራክተር በየአገሩ እንደገና መፈተን አላስፈለገውም።

ውጤቱ ሲነበብ የቦታው ከፍታ መታሰብ አለበት። ሊንከን ከባሕር ወለል በላይ ከ400 ሜትር በታች ናት። አየሩ ሲሳሳ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ በኢትዮጵያ ደጋ፣ በ2,400 ሜትር ላይ፣ ያው ትራክተር በወረቀቱ ከተጻፈው አንድ አምስተኛ ያህል ሊጎድለው ይችላል።