ጢስ ዓባይ፦ በፏፏቴው ጥላ ሥር ያለች መንደር

ከባሕር ዳር ደቡብ ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ጢስ ዓባይ ብዙዎች ስሟን የሚያውቁላት፣ ኑሮዋን ግን የማያውቁላት የወንዝ ዳር መንደር ናት። የፏፏቴዋ ሥዕል በአንድ ብር ኖት ጀርባ ታትሞ ለዓመታት ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖሯል። እንግዳው ግን አብዛኛውን ጊዜ ፏፏቴውን አይቶ ይመለሳል እንጂ ከወንዙ ጋር አብሮ የኖረውን ሰው አይጠይቅም።

ዓባይ ከጣና ወጥቶ እዚህ ሲደርስ ከጥንት እሳተ ገሞራ የተረፈ ጥቁር የድንጋይ ገደል ይጠብቀዋል። ከዚያ አፋፍ ወደ 40 ሜትር ገደማ ቁልቁል ይወርዳል፤ ክረምት አልፎ ውሃው ሲሞላ ስፋቱ እስከ 400 ሜትር ይሰፋል። ርጭቱ እንደ ጭስ ከሩቅ ይታያል፤ ፀሐይ ሲያርፍበትም የማርያም መቀነት ይዘረጋል። ገደሉ ለዓሦችም ድንበር ነው። ከታች ያለው ዓሣ ወደ ላይ መውጣት ስለማይችል፣ በጣና ውስጥ ባርበስ የሚባሉት ዓሦች ለብቻቸው ተራብተው በሌላ ሐይቅ የማይገኙ ብዙ ዝርያዎች ሆነዋል።

ከፏፏቴው በታች ወንዙ በጠባብ ሸለቆ ተጨንቆ ያልፋል። የአላታ ድልድይ የተሠራው እዚያ ላይ ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በድንጋይና በኖራ የተገነባው ይህ ድልድይ በአገራችን ከታነጹት የመጀመሪያዎቹ የድንጋይ ድልድዮች አንዱ ነው። ሕዝቡ የፖርቱጋል ድልድይ ይለዋል። ክረምት ሲገባ ታንኳ የማይደፍረውን ውሃ ገበሬውም፣ ነጋዴውም፣ ከብቱም ተሻግረውበታል።

በዚያው ዘመን የመጣው ፖርቱጋላዊው ካህን ጀሮኒሞ ሎቦ ከሚወርደው ውሃ ጀርባ፣ ከገደሉ ሥር ገብቶ እንደተቀመጠ ጽፏል። በ1770 እ.ኤ.አ. የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ግን ይህ የማይሆን ነው ሲል አስተባብሏል። ሁለቱ የተከራከሩት ስለ ውሃው ነው፤ በዳርቻው ስለሚኖረው ሰው የተጻፈው ግን ጥቂት ነው።

የመንደሩን ኑሮ ከሁሉ በላይ የለወጠው የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ በ11.4 ሜጋ ዋት ሥራ ጀመረ፤ ለባሕር ዳርና ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋም ኃይል ሰጠ። ውሃው ከፏፏቴው በላይ በቦይ ተጠልፎ፣ ተርባይን አዙሮ ከታች ወደ ወንዙ ይመለሳል። በ1996 እ.ኤ.አ. ከጣና የሚወጣውን ውሃ የሚቆጣጠረው የጨረጨራ ግድብ ተሠራ፤ በ2001 እ.ኤ.አ. ደግሞ 73 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ሁለተኛው ጣቢያ ተጨመረ። ያን ጊዜ ፏፏቴው ክፉኛ ሳሳ። በበጋ ሰፊው ገደል ደረቅ ድንጋይ ሆኖ፣ ውሃው በአንድ ጥግ ብቻ ሲወርድ ይታይ ጀመር። በ2010 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የ460 ሜጋ ዋት የጣና በለስ ጣቢያ ደግሞ ውሃውን ከሐይቁ በዋሻ ወስዶ ወደ በለስ ወንዝ ይለቀዋል። ያ ውሃ ከዓባይ ጋር እንደገና የሚገናኘው ወደ ሱዳን ድንበር ሲጠጋ ስለሆነ በጢስ ዓባይ አያልፍም።

የመንደሩ ሰው ዛሬም ከወንዙ አልተለየም። ገበሬው ጤፍና በቆሎ ይዘራል፤ ዳርቻውን በመስኖ እያጠጣ ጫት ያለማል። ጀልባ ቀዛፊው ከፏፏቴው በላይ ሰው ያሻግራል፤ አስጎብኚው እንግዳውን በአላታ ድልድይ መርቶ ወደ መመልከቻው ያወጣዋል፤ ሴቶችና ልጆች ነጠላና ቅል ይሸጣሉ። የእነዚህ ሰዎች ገቢ በውሃው ይሞላል፣ በውሃው ይጎድላል። ፏፏቴው ሲሳሳ እንግዳ ይቀንሳል፤ እንግዳ ሲቀንስ የአስጎብኚው ቤት ይጎድልበታል።

መብራት ለአገር ያስፈልጋል፤ ይህን የሚክድ የለም። ጢስ ዓባይም ድርሻዋን ከፍላለች። ስለዚህ የጣና ውሃ ለተርባይን፣ ለመስኖና ለከተማ ሲከፋፈል ፏፏቴው የተረፈው ብቻ የሚደርሰው መሆን የለበትም። በየወቅቱ የተወሰነ ውሃ በገደሉ ላይ እንዲወርድ ማድረግ ለውበት ብቻ የሚደረግ ቸርነት አይደለም፤ የመንደሯን እንጀራ መጠበቅ ነው።

ለመሄድ ያሰበ ሰው ከነሐሴ ማብቂያ እስከ ጥቅምት ያለውን ጊዜ ይምረጥ፤ ውሃው ያኔ ይሞላል። ከመንደሩ አስጎብኚ ይያዝ፤ በአላታ ድልድይ በእግሩ ይሻገር፤ ከዕቃ ሻጮቹም ይግዛ። እንግዳው የሚከፍለው ገንዘብ መንደሯ ውስጥ ሲቀር ነው ፏፏቴው ለነዋሪው የሚጠቅመው።