የሰንበቴ ቤት፦ ከፎገራ ዋልካ እስከ መደቡ

ወረታ፦ በወረታ ከተማም ኾነ በፎገራ ሜዳ የገጠር ቀበሌዎች ወደ ደብር ቅጥር የገባ ሰው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ፈንጠር ብሎ የቆመ፣ በአዘቦት ቀን በሩ የተዘጋ ቤት ብዙ ጊዜ ያገኛል። የሰንበቴ ቤት ነው።

ሰንበቴ በስም የሚታወቁ አባላት ያሉት ማኅበር ነው። አባላቱ ከቅዳሴ በኋላ ተረኛው ያዘጋጀውን ዳቦና ጠላ እየተቋደሱ ይመካከራሉ፤ የተጣላ ያስታርቃሉ፤ በቅጥሩ የተገኘ ችግረኛም አብሮ ይመገባል። የጽዋ ማኅበር ከአባል ቤት ወደ አባል ቤት ይዞራል፤ ሰንበቴ ግን የራሱ ቤት አለው። በሌላው ዓለም የአባላት ክበብ ከሚባለው ሕንፃ ጋር ሊነጻጸር የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

በቀደመው አሠራር ውስጡ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። በግድግዳው ዙሪያ ከድንጋይና ከጭቃ የተሠራ መደብ ይዞራል። መሀሉ ለአሳላፊዎች የተተወ ነው፤ ጋኑና እንስራው በአንድ ጥግ ይቀመጣሉ። ካህናቱና የማኅበሩ ሙሴ ከላይ በኩል ይሰየማሉ። ሰው ሁሉ ፊት ለፊት ስለሚተያይ የተኳረፈ ሰው መደበቂያ አያገኝም። መደብ ደግሞ ተቆጥሮ የሚሰጥ ወንበር አይደለም፤ እንግዳ ሲመጣ “ጠጋ ጠጋ በሉ” ይባላል እንጂ “ቦታ የለም” ለማለት አይመችም። እርግጥ ነው፣ ቤቱ ጨለማ ይበዛዋል።

እ.ኤ.አ በ1841 የተከፈተውና ቻርልስ ባሪ የነደፈው የለንደኑ ሪፎርም ክለብ የሮማውን ፓላዞ ፋርኔዜ አርዓያ ያደረገ ነው፤ መሀሉ በመስታወት የተከደነ አዳራሽ ሲኾን ቤተ መጻሕፍትና የመመገቢያ ክፍል አለው። የእንዲህ ዓይነቱ ክለብ ደጃፍ አባሉን ከሌላው ይለያል። የሰንበቴ ቤት ደጃፍ ግን አባል ያልኾነውንም ማስገባት አለበት።

አኹን አኹን በጭቃው ፋንታ ብሎኬት፣ በሣር ክዳኑ ፋንታ ቆርቆሮ እየመጣ ነው። እዚህ ላይ የፎገራ አፈር ይፈትናል። ጥቁሩ ዋልካ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ርብና ጉማራ ሞልተው ሲፈስሱ ደግሞ ሜዳው በውኃ ይያዛል፤ የ1998 ዓ.ም ክረምት ጎርፍ የሚዘነጋ አይደለም። የእንጨትና የጭቃ ግድግዳ አፈሩ ሲነሳና ሲወርድ አብሮ ይጎብጣል፤ ተመርጎም ይጠገናል። ብሎኬት መጉበጥ አይኾንለትም፤ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ዋልካውን ቆርጦ አውጥቶ በገረጋንቲ መተካት፣ መሠረቱን ማጥለቅና የጣሪያውን ውኃ ከግድግዳው ማራቅ ያስፈልጋል። ይህ ወጪ ከመሬት በታች ስለሚቀበር ለአባላት አይታይም፤ መዋጮ ሲያንስ ለመቀነስ የሚያጓጓውም እርሱ ነው።

ከአዲሱ ቤት ጋር የፕላስቲክ ወንበርም ይገባል። ወንበር ለማጠብና ለማንሳት ይቀልላል፤ ለለቅሶ ቤትም በውሰት ይሄዳል። ነገር ግን የሚገዛው በአባላት ቁጥር ነው፤ በሰንበት ከደጅ የሚመጣው ችግረኛ በዚያ ቁጥር ውስጥ የለም። ግድግዳው ሲገነባ የሲሚንቶ መደብ አብሮ ቢያዝ ጥቂት ከረጢት ሲሚንቶ ይጨምራል እንጂ ሌላ ሕንፃ አይጠይቅም። ወንበሮቹም ለለቅሶ ቤቱ ይቀራሉ።