እውነት ወይስ ተረት? የትንሿ ባቡር አድራሻ የት ነው ያለው?

የአዲስ አበባው ሳሪስ የባቡር ሰፈር ነው። ከመስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ቃሊቲ የሚወርደው ሰማያዊው ቀላል ባቡር ከአደይ አበባ ቀጥሎ እዚህ ይቆማል። ባቡር እያየ ያደገ ልጅ፣ ከጀርመን ወይም ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ካለው ምን እንደሚያስመጣ ግልጽ ነው፤ ሞዴል ባቡር። የዛሬዋ የሞዴል ባቡር ግን ሀዲድ ላይ አስቀምጠው በቀጥታ የሚያስነሷት ዓይነት አይደለችም። ሆዷ ውስጥ ዲኮደር የሚባል ጥፍር የምታክል ሰሌዳ አለች፤ ዲኮደሯ ደግሞ አድራሻ የሚባል ቁጥር አላት። ስለዚህ ቁጥር ከሚወራው ብዙው ተረት ነው።

ተረት፦ «በአንድ ሀዲድ ላይ ሁለት ባቡር ለየብቻ ማንቀሳቀስ አይቻልም»

ድሮ እውነት ነበር። በቀድሞው አሠራር ሀዲዱ ላይ የሚለቀቀው የዲሲ ቮልቴጅ ሲጨምር ባቡሩ ይፈጥናል፣ ሲቀንስ ያዘግማል፣ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ሲገለበጥ ወደ ኋላ ይሄዳል። ሀዲዱ ላይ ያለ ሎኮሞቲቭ ሁሉ አብሮ ይነሳል፣ አብሮ ይቆማል። ይህን የለወጠው ዲሲሲ የተባለው ዲጂታል አሠራር ነው። መሠረቱን የጣለው የጀርመኑ ሌንዝ ኩባንያ ሲሆን፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የሞዴል ባቡር ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1994 ደረጃ አድርጎ አጽድቆታል። የተለያዩ ፋብሪካዎች ዲኮደርና ማዘዣ ሳጥን (ትዕዛዙን ወደ ሀዲዱ የሚልከው መሣሪያ) ዛሬ የሚግባቡት በዚህ ደረጃ ምክንያት ነው።

በዲሲሲ ሀዲዱ ላይ ምንጊዜም ሙሉ ኃይል አለ። ኃይሉ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን እያለዋወጠ ይመላለሳል፤ መልእክቱ ያለው በመመላለሱ ውስጥ ነው። ግማሹ ዙር 58 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ከቆየ «1» ማለት ነው፤ 100 ወይም ከዚያ በላይ ከቆየ «0» ነው። እያንዳንዱ መልእክት በአድራሻ ይጀምራል፣ ትዕዛዙን ያስከትላል፣ በማረጋገጫ ቁጥር ይዘጋል። የታክሲ ረዳት «ሳሪስ አቦ! ቃሊቲ!» ሲል ፌርማታው ላይ ያለ ሁሉ ይሰማል፤ የሚገባው ግን ወደዚያ የሚሄደው ብቻ ነው። እዚህም ሁሉም ዲኮደሮች መልእክቱን ይሰማሉ፤ የሚታዘዘው የራሱን ቁጥር የሰማው ነው። 0 ቁጥር ለማንም አይሰጥም፤ ሁሉንም በአንዴ ለማዘዝ የተያዘ ነው።

ትልቁ የከተማ ባቡር በዚህ ትንሿን አይመስልም። በልደታና በስታዲየም መካከል ሰማያዊውና አረንጓዴው ባቡር በአንድ ሀዲድ ላይ ይሄዳሉ፤ ከላይ ካለው ሽቦ የሚወስዱት 750 ቮልት ግን ኃይል ብቻ ነው። ፍጥነቱን የሚወስነው ውስጥ የተቀመጠው አሽከርካሪ ነው። ትንሿ ባቡር አሽከርካሪ ስለሌላት ኃይሉም ትዕዛዙም በሀዲዱ ይመጣላታል።

ተረት፦ «አድራሻው ያለው መቆጣጠሪያው ውስጥ ነው»

የብዙ ችግር ምንጭ ይህ ነው። ሰዎች ባቡሩን በሚያዙበት መቆጣጠሪያ ላይ የፈለጉትን ቁጥር ይጽፉና ባቡሩ ዝም ሲል ይናደዳሉ። መቆጣጠሪያው ላይ ቁጥር መጻፍ ያንን ቁጥር መጥራት እንጂ ለባቡሩ ማውጣት አይደለም። አድራሻው ያለው ሎኮሞቲቩ ሆድ ውስጥ፣ ዲኮደሩ ላይ ነው። ሎኮሞቲቩን ጎረቤት ወስዳችሁ በሌላ ሰው ማዘዣ ሳጥን ብትሞክሩት አድራሻው አብሮት ይሄዳል። ከፋብሪካ የሚወጣ ዲኮደር አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በ3 ቁጥር ነው፤ ስለዚህ አዲስ ዕቃ እጃችሁ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠራው 3 ነው። ሁለት አዲስ ሎኮሞቲቭ አብራችሁ ካስቀመጣችሁ ሁለቱም በ3 ይነሳሉ፤ ብልሽት አይደለም።

ከዚሁ ጋር «መብራት ሲጠፋ አድራሻውም ይጠፋል» የሚል ወሬ አለ። መብራት ለሚመላለስበት ሰፈር አሳማኝ ይመስላል፤ ግን ሐሰት ነው። አድራሻው የሚቀመጠው ያለ ኃይል በሚቆይ ማኅደር ውስጥ ነው። ዓመት ሙሉ ካርቶን ውስጥ ቢተኛም ያው ነው።

ተረት፦ «ፕሮግራም ሳደርግ የሚቀየረው የመረጥኩት ባቡር ብቻ ነው»

እዚህ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

የማዘዣ ሳጥኑ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት መውጫ አለው። አንዱ ለዋናው ሀዲድ ነው፤ ሌላው ፕሮግራም ለሚደረግባት አጭር ሀዲድ። በዚህችኛዋ ላይ የሚላከው ትዕዛዝ አድራሻ የለውም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ቁጥሩን የማናውቀውን ሎኮሞቲቭ በቁጥሩ ልንጠራው አንችልም። ስለዚህ እዚያች ሀዲድ ላይ ያለ ሁሉ ትዕዛዙን ይቀበላል። ሦስት ሎኮሞቲቭ ደርድራችሁ «አድራሻ 12» ብትሉ ሦስቱም 12 ይሆናሉ። መድኃኒቱ አንድ ብቻ ማስቀመጥ ነው።

ሎኮሞቲቩ ለጥያቄ የሚመልስበት መንገድም የሚገርም ነው። አፍ የለውም፤ ስለዚህ «አዎ» ለማለት ሞተሩን ለአፍታ ያነቃቃና ቢያንስ 60 ሚሊአምፔር ለ6 ሚሊሰከንድ ያህል ይስባል። ሳጥኑ ያችን የኃይል ጭማሪ አይቶ መልሱን ያውቃል። አድራሻ ሲነበብ ሎኮሞቲቩ ንዝር ንዝር የሚለው ለዚህ ነው። ከዚህ ተነስታችሁ ሌላውን ተረት ራሳችሁ ማፍረስ ትችላላችሁ፦ «አድራሻው ካልተነበበ ዲኮደሩ ተቃጥሏል»። መንኮራኩሩ ወይም ሀዲዱ ከቆሸሸ መልሱ አይደርስም፤ የሞተሩ ሽቦ ከላላም እንዲሁ። በሳሪስ አቧራ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቆሻሻው ነው። ዲኮደር ከመግዛታችሁ በፊት መንኮራኩሩን በአልኮል ጥረጉት።

በዋናው ሀዲድ ላይም ማስተካከያ መጻፍ ይቻላል፤ ያ በአድራሻ ስለሚላክ የሚነካው የተጠራውን ብቻ ነው። ሆኖም ብዙ ዲኮደሮች የሚሠሩበትን አድራሻ ራሱን በዚህ መንገድ ለመቀየር እሺ አይሉም።

ተረት፦ «የፈለግሁትን ቁጥር ብጽፍ ይገባዋል»

ዲኮደሩ ውስጥ ሲቪ የሚባሉ ቁጥር የተሰጣቸው ሳጥኖች አሉ። እያንዳንዱ ሊይዝ የሚችለው ከ0 እስከ 255 ብቻ ነው። አጭሩ አድራሻ ሲቪ 1 ላይ ይገባል፤ ደረጃው የሚፈቅደው ከ1 እስከ 127 ነው፤ አንዳንድ ማዘዣ ሳጥኖች ግን አጭር የሚሉት እስከ 99 ያለውን ነው። ከዚያ በላይ ለሆነ ቁጥር ሁለት ሳጥን ያስፈልጋል፤ ሲቪ 17 እና ሲቪ 18።

የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ በገባበት ዓመት አድራሻ እንስጥ እንበል፤ 1917 እ.ኤ.አ.። 1917 ለ256 ሲካፈል 7 ደርሶ 125 ይቀራል። በሰባቱ ላይ 192 ሲደመር 199 ይሆናል፤ ይህ ሲቪ 17 ላይ ይገባል። ቀሪው 125 ሲቪ 18 ላይ። አላለቀም። ዲኮደሩ ረጅሙን አድራሻ እንዲጠቀም ሲቪ 29 ላይ 32 መደመር አለበት፤ ቀድሞ 6 ከነበረ 38 ይሆናል። ይህን የረሳ ሰው ረጅሙን ቁጥር በትክክል ጽፎም ሎኮሞቲቩ በድሮው 3 ሲነሳበት ያገኘዋል። ዘመናዊ ማዘዣ ሳጥኖች ስሌቱን ራሳቸው ይሠሩታል፤ ነገር ሲበላሽ ግን ስሌቱን ማወቅ ያድናል።

  

ተረት፦ «መብራቱ ይበራል፣ አይንቀሳቀስም፤ ሞተሩ ሞቷል»

ከመፍረድ በፊት ሲቪ 19ን አንብቡ። ሁለት ሎኮሞቲቭ አብረው እንዲጎትቱ ሲጣመሩ የጋራ ቁጥራቸው የሚጻፈው እዚያ ነው። ያገለገለ ዕቃ ሲሆን የቀድሞው ባለቤት ጥምሩን ሳይፈታ ሸጦት ሊሆን ይችላል። ያኔ ሎኮሞቲቩ በራሱ ቁጥር ሲጠራ መብራቱን ያበራል፣ የመሄድ ትዕዛዝ ግን የሚቀበለው ከጋራው ቁጥር ብቻ ነው። ሲቪ 19 ላይ 0 ጻፉ፤ ይነሳል።

ሁሉም ከተዘባረቀ በብዙ ዲኮደሮች ሲቪ 8 ላይ 8 መጻፍ ወደ ፋብሪካው ቅንብር ይመልሳል፤ አድራሻውም 3 ይሆናል። የፍጥነትና የድምፅ ማስተካከያችሁም አብሮ እንደሚጠፋ እወቁት። እኔ ይህን የመጨረሻ አማራጭ አደርገዋለሁ። በየጊዜው «ሪሴት» ማለት ምርመራን መሸሽ ነው።

ከአሜሪካ የመጣ ማዘዣ ሳጥንስ? አዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን ሳታነቡ አትሰኩ። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ የእኛ 220 ያቃጥለዋል፤ ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ ችግር የለውም።

አንድ ማሳሰቢያ ለገዢ። ካርቶኑ ላይ «ዲሲሲ ሬዲ» ከተባለ ብዙ ሰው ዲጂታል ነው ብሎ ይገዛል። አይደለም፤ ሶኬቱ አለ፣ ዲኮደሩ የለም። ዘመዳችሁን ሱቅ ስትልኩት «አድራሻው ስንት ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ አትድከሙ፤ ያ እቤት የሚቀየር ነገር ነው። «ዲኮደሩ ውስጡ ተገጥሟል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ።