ያውቁ ኖሯል? ዓይንጋዲ፣ የምድረ በዳዋ ምንጭ

• ዓይንጋዲ በጨው ባሕር ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በይሁዳ ምድረ በዳ ጫፍ የምትገኝ ለምለም ስፍራ ናት። ስሟ በዕብራይስጥ «የፍየል ግልገል ምንጭ» ማለት ነው፤ እንደ ዕብራይስጡ «ዓይን» ሁሉ ግዕዝም ምንጭን «ዐይነ ማይ» ይላል።

• ንጉሥ ሳኦል 3,000 ሰዎች አስከትሎ ሲያሳድደው ዳዊት የተሸሸገው በዚሁ አካባቢ ዋሻ ነበር። ዳዊት የሳኦልን ልብስ ዘርፍ ቈረጠ እንጂ እጁን አላነሣበትም።

• ነቢዩ ሕዝቅኤል ከመቅደሱ የሚፈልቀው ውኃ የጨውን ባሕር ሲፈውስና አጥማጆች ከዓይንጋዲ ጀምሮ መረብ ሲዘረጉ በራእይ አየ።

• እ.ኤ.አ. በ1970 ከዓይንጋዲ ጥንታዊ ምኵራብ ፍርስራሽ የተገኘ የከሰለ ጥቅልል፣ ሳይዘረጋ በራጅና በኮምፒውተር ሲነበብ የኦሪት ዘሌዋውያን መጀመሪያ ሆኖ ተገኘ። ይህም እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ ሆነ።