ሰባት ቤት ስንቆጥር የዘለልነው

ጋብቻ ሲታሰብ እስከ ሰባት ቤት ዘር ይቆጠራል። የአያት የቅድመ አያት ስም ይጠራል፤ አገራቸው ይነገራል። በምን እንደሞቱ ግን ጠያቂ የለም። «ታማ ሞተች» ነው፤ ቢበዛ «ያ ክፉ በሽታ»። ነቀርሳ የሚለው ስም ለቅሶ ቤት ውስጥ እንኳ በሹክሹክታ ያልፋል፤ ለሴት ልጅ ሊተርፍ የሚገባው መረጃም ከሟቿ ጋር ይቀበራል።

እናቷን ወይም እህቷን በጡት ካንሰር ያጣች ሴት ሐኪም ፊት ስትቀርብ የመጀመሪያው ምርመራ ጥያቄ ነው። ማን ታመመች? በስንት ዓመቷ? አንድ ጡቷን ነው ወይስ ሁለቱንም? የእንቁላል ማምረቻ ካንሰር የያዛት አለች? ከሁሉም የሚከብደው ዕድሜ ነው። በ38 ዓመት የመጣ ካንሰር በ75 ከመጣው ይልቅ የዘር ጥርጣሬ ያጭራል።

ሳይንሱም የተጀመረው ከዚሁ ነው። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜሪ-ክሌር ኪንግ በ1990 እ.ኤ.አ. ለጡት ካንሰር የሚያጋልጠው ዘረመል በ17ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለበትን ቦታ ያመለከተችው 23 ቤተሰቦችን በማጥናት ሲሆን፣ ፍንጩ የጎላው በለጋ ዕድሜ በታመሙት ዘንድ ነበር። በ1994 ዘረመሉ ራሱ ተለየ፤ ቢአርሲኤ1 ተባለ። እነዚያ ሴቶች የእናቶቻቸውንና የአክስቶቻቸውን ሕመም ባይናገሩ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልተገኘ።

አንድ ስሕተት ደጋግሞ ያጋጥማል፤ «በእናቴ በኩል የለም» ብሎ መዝጋት። የተበላሸው ዘረመል በአባትም ይተላለፋል። ካለበት ወላጅ እያንዳንዱ ልጅ፣ ወንድም ሴትም፣ የመውረስ ዕድሉ እኩሌታ ነው። ስለዚህ የአባት እህቶች ታሪክ ከእናት እህቶች ታሪክ እኩል ይጠየቃል።

ሌላውም ይነገር፤ ፍርሃት ብቻዋን ቤት ያስቀመጠቻቸው ብዙ ናቸውና። በቀጥታ በውርስ የሚመጣው የጡት ካንሰር ከ100 ከ5 እስከ 10 ቢሆን ነው። እናቷ የታመመች ሁሉ ትታመማለች ማለት አይደለም። በቤተሰቧ የጡት ካንሰር ያለባት ደግሞ ክትትሏን ቀድማ ትጀምራለች። ሐኪሞች ብዙ ጊዜ የቅርብ ዘመዷ ከታመመችበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀድማ እንድትጀምር ይመክራሉ፤ እናት በ45 ከታመመች ልጅ በ35።

የዘረመል ምርመራ በአገራችን ገና ለብዙዎች ሩቅ ነው። የቤተሰቡን ታሪክ ለመጻፍ ግን ደብተር ይበቃል። ዓመተ ምሕረቱን የማያስታውሱ እማማ «ደርግ በወደቀ ዓመት፣ የመጨረሻ ልጇን ጡት ሳታስጥል» ካሉ፣ ዕድሜዋ ከዚያ ይሰላል።